በጠበቃ ቢሮ የሚጀመር የሕግ ሥራ፦ ደሴ ላለች አዲስ ምሩቅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የደሴ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች። ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ያላቸው አንድ ጠበቃ አብራቸው እንድትሠራ ጠይቀዋታል፤ ክፍያው ግን ትንሽ ነው። አባቷ «የዳኝነት ወይም የዐቃቤ ሕግ ማስታወቂያ እስኪወጣ ቤት ሆነሽ ጠብቂ» ይሏታል፤ የክፍል ጓደኞቿ ደግሞ አዲስ አበባ ወደሚገኙ የጥብቅና ድርጅቶች እያመሩ ነው። «አዲስ ምሩቅ ጠበቃ ቢሮ ገብቶ በእርግጥ የሚሠራው ምንድን ነው? የሥራ ልምድ ሆኖስ ይቆጠርልኛል? ከገባሁ የመጀመሪያው ቀን ምን ይዤ ልሂድ?» ስትል ጠይቃለች።

እኅቴ፣ እኔም የሕግ ሥራን የጀመርሁት እዚሁ ደሴ በጠበቃ ረዳትነት ነው፤ የራሴን ቢሮ ከከፈትሁ በኋላም ከምሩቃን ጋር ሠርቻለሁ። ስለዚህ መልሴን ከመደምደሚያው ልጀምረው፦ ግቢ። ነገር ግን ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር አረጋግጪ። እኒህ ጠበቃ አንቺ ያረቀቅሽውን ጽሑፍ ቁጭ ብለው የሚያነቡ፣ በእስክሪብቶ የሚያርሙና ለምን እንዳረሙት የሚነግሩሽ ሰው መሆናቸውን ከእርሳቸው ጋር ከሠሩ ሰዎች ጠይቀሽ እወቂ። የቢሮው ስፋት፣ የደንበኞቹ ብዛት፣ ከተማው ደሴ ወይም አዲስ አበባ መሆኑ፣ ሌላው ቀርቶ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ረቂቁን የሚያርምለት ሰው ያላገኘ ምሩቅ ሦስት ዓመት ቢሠራ የመጀመሪያውን ዓመት ሦስት ጊዜ ደገመው እንጂ ሦስት ዓመት አልሠራም።

ሥራው ምን እንደሚመስል ለጠየቅሽው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት አብዛኛውን ጊዜሽን የምታሳልፊው ችሎት ፊት ሳይሆን መዝገብ ቤት ደጃፍ ነው። የጥብቅና ፈቃድ የሌለው ሰው በደንበኛ ጉዳይ ችሎት ቆሞ ሊከራከር ስለማይችል፣ የአዲስ ምሩቅ ሥራ ከክርክሩ በፊትና ከክርክሩ በኋላ ያለው ነው። ጠዋት ቢሮ ስትገቢ የቀጠሮ መዝገቡን ታያለሽ፤ የዕለቱን ፋይሎች አውጥተሽ፣ ያለፈው ቀጠሮ ለምን እንደነበረና ችሎቱ ምን እንዳዘዘ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለጠበቃው ታስረክቢያለሽ። ከዚያ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት አብረሽ ትሄጃለሽ። አዲስ ክስ ካለ ለሬጅስትራሩ ታቀርቢያለሽ፣ የዳኝነት ክፍያው መከፈሉን ታረጋግጫለሽ፣ መጥሪያ ታወጫለሽ፣ የትእዛዝ ግልባጭ ትጠይቂያለሽ፤ ግልባጩ አልደረሰም ከተባልሽ በማግስቱ ትመለሻለሽ። ዳኞች ካልተሟሉ ወይም ስብሰባ ላይ ከሆኑ ከለጋምቦና ከወረኢሉ ሌሊቱን ተነሥተው ለመጡ ባለጉዳዮች «ቀጠሮው ተዛውሯል» ብለሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ይህን ሥራ እንደ ተላላኪነት ቆጥረው በሁለት ወር ውስጥ የለቀቁ ምሩቃን አውቃለሁ፤ አዝንላቸዋለሁም፤ ምክንያቱም ጥለውት የሄዱት ዋናውን ትምህርት ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። የክስ ማመልከቻ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 222 እና 223 ይዘረዝራል፤ አንቺም ይህን ለፈተና አጥንተሽዋል። ነገር ግን የማስረጃ ዝርዝሩ ከክሱ ጋር ባለመያያዙ፣ የክሱ ግምት ባለመጻፉ፣ በቁጥር 92 የሚጠየቀው ማረጋገጫ ባለመፈረሙ ማመልከቻው ከመስኮቱ ሲመለስልሽና ባለጉዳዩ አጠገብሽ ቆመው ፊትሽን ሲያዩ፣ ያ ቁጥር ዳግመኛ አይረሳሽም። ዐሥር ክስ በእጇ ያስገባች ምሩቅ የዐሥራ አንደኛውን ጉድለት ገና ስትጽፈው ታየዋለች።

ብዙዎቻችንን በመጀመሪያ የሚያስደነግጠን ቋንቋው ነው፤ በዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የሕግ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ያስተማረን በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም የመመረቂያ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ነበር። እዚህ ችሎቱ የሚካሄደው በአማርኛ ነው፤ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የታተመ ሕግም የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። «ዩዙፍራክት» ምን እንደሆነ ሃያ ገጽ ልትጽፊ ትችያለሽ፤ ነገር ግን ጠበቃው «ቤቱ ላይ የአላባ መብት ያለው ማን ነው?» ሲሉሽ ዝም ትያለሽ፤ ሁለቱም በሌላ ሰው ንብረት የመገልገልና ፍሬውን የመውሰድ መብት ስም ናቸው። በትእዛዝ፣ በብይንና በፍርድ መካከል ያለውን ልዩነት በእንግሊዝኛ ስሞቻቸው ታውቂዋለሽ፤ በአማርኛ ግን ሦስቱን አቀላቅለሽ ትጽፊያለሽ፤ ይግባኝ የሚባልበትና የማይባልበት ደግሞ በዚሁ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። እኔ ረዳት በሆንሁ በሁለተኛው ሳምንት ከደላንታ የመጡ አንድ አዛውንት «ቤቴን በወለድ አገድ አስይዤ ነበር» ሲሉ አልገባኝም። ስለ መያዣ ሕግ በተማርነው ትምህርት ጥሩ ውጤት ነበረኝ፤ «አንቲክሬሲስ» የሚለውን ቃልም ከነትርጉሙ ሸምድጄዋለሁ፤ አዛውንቱ የሚናገሩት ግን ስለዚያው ስለራሱ ጉዳይ መሆኑን አላወቅሁም። ገንዘቡ ወለድ አይከፈልበትም፤ በወለዱ ፈንታ አበዳሪው በቤቱ ይገለገልበታል። አዛውንቱ ሳይማሩ የሚያውቁትን እኔ ተምሬ አላወቅሁትም ነበር። ያን ቀን ማታ የፍትሐ ብሔር ሕጉን የአማርኛ ቅጂ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ማንበብ ያዝሁ።

አንቺም እንዲሁ እንድታደርጊ እመክራለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ በመሆኑ፣ አንዳንዱ አንቀጽ በአማርኛው ሲነበብና በእንግሊዝኛው ሲነበብ ሐሳቡ ትንሽ ዘወር ይላል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ የምታነብ ሰው ደግሞ የክርክር ነጥብ የምታገኘው ብዙ ጊዜ ከዚያው ክፍተት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ ባለጉዳይን ማዳመጥ ነው። ረዳት ሳለሁ አንዲት እናት ከሐይቅ መጥተው ፌስታል ሙሉ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አራገፉ፤ የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የእድር ደብተር፣ የሟች ወንድማቸው ፎቶግራፍ። ታሪኩን ከወንድማቸው ሠርግ ጀምረው ሁለት ሰዓት ያህል ነገሩን። እኔ ዐሥራ አንድ ገጽ ጻፍሁ። ጠበቃው የጻፉት ሦስት መስመር ብቻ ነበር፦ ወንድማቸው የሞቱበት ቀን፣ ደሴ ያለውን ቤት አሁን የያዘው ማን እንደሆነና በምን እንደያዘው፣ እናትየው ይህን ያወቁት መቼ እንደሆነ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት የወራሽነት ጥያቄ፣ ጠያቂው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል፤ ስለዚህ «መቼ አወቁ?» የሚለው መልስ የጉዳዩ ሞትና ሕይወት ነበር። እናትየው ግን ቀን አያስታውሱም። ጠበቃው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እማማ፣ ለመውሊድ ነበር ወይስ ከጥምቀት በኋላ?» አሏቸው። «ለመውሊድ ነው እንጂ! ጎረቤቴ ዘይነባ ዘንድ ገንፎ እየበላን ነው የሰማሁት» ብለው መለሱ። በወሎ ሰው ሁለቱንም በዓል አብሮ ስለሚያከብር ዘመኑን የሚያስታውሰው በሁለቱም ነው። መውሊድ ግን በጨረቃ ዘመን አቆጣጠር የሚሄድ በመሆኑ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት መውሊድ በኛ አቆጣጠር የትኛው ወር ላይ እንደዋለ ፈልጎ ማግኘት የእኔ ሥራ ሆነ። ሦስቱ ዓመት ሊሞላ አራት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። ዐሥራ አንዱን ገጽ ለምን እንደጻፍሁት ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ባለጉዳይ ሲያወራ ቀኑን ከታሪኩ ለይቼ በገጹ ግራ ጠርዝ መጻፍ ጀመርሁ።

የቀን ነገር ከተነሣ፣ ረቂቅን ስለሚያርም ሰው መጀመሪያ ያልሁትን የሚያስረዳልኝ ይህ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በውጭ ባለሀብት ፋብሪካ ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ከሥራ ተሰናብቶ ወደ ሥራው ለመመለስ ሊከስስ መጣ። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ እንዲመለስ የሚያቀርበው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 163 የሚለውም ይኸው ነው። የስንብት ደብዳቤው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን ከላዩ 12 እና 1 የሚሉ ቁጥሮች ነበሩበት። እኔ ጥር 12 ብዬ አነበብሁት፤ ሦስቱን ወር ቆጥሬም ክሱ እስከ ሚያዝያ 12 ሊገባ ይችላል ብዬ በረቂቁ ላይ ጻፍሁ፤ ሚያዝያ 8 ላስገባውም በቀጠሮ መዝገቡ ላይ አሰፈርሁ። ጠበቃው መጋቢት 28 ማታ ረቂቁን ሲያነቡ ቀኑ ላይ እስክሪብቷቸውን አቆሙና «ይህ በማን አቆጣጠር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ደብዳቤው የተጻፈው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 12 ነበር፤ ያ በኛ ጥር 4 ነው። እኔ ባሰብሁት ቀን ብናስገባው ኖሮ ሦስት ወሩ ካለፈ አራት ቀን ይሆነው ነበር። ክሱን ሚያዝያ 2 ቀን አስገባን። ያ ወጣት ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ይህን የነገረኝ ክሱን አስገብተን በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ልሸኘው መናኸሪያ በሄድሁ ጊዜ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ይህን የምነግርሽ ስሕተት አትሥሪ ለማለት አይደለም፤ ትሠሪያለሽ። ስሕተትሽ ወረቀቱ ከቢሮው ሳይወጣ የሚያዝበት ቦታ እንድትመርጪ ነው።

የይርጋ ነገር በተከሳሽ ወገን ስትሠሪም ያው ነው፤ በተገላቢጦሽ። ይርጋን ተከራካሪው ራሱ ካላነሣው ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሣውም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1856 ይህን በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ የመከላከያ መልስ ስታረቅቂ እንደ ይርጋ ያሉትን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች ሳታነሺ ወደ ፍሬ ነገሩ አትሩጪ።

በደሴና በአካባቢው ዛሬ የሚገጥምሽ፣ እኔ ረዳት ሳለሁ ያልነበረ ዓይነት ጉዳይም አለ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤትና ሱቅ የተዘረፈባቸው ሰዎች ከዕቃቸው ጋር ወረቀታቸውም ሄዷል፤ የሽያጭ ውል፣ የብድር ሰነድ፣ ደረሰኝ። ሕግ በጽሑፍ እንዲደረግ የሚያዝዘው ውል በምስክር ሊረጋገጥ አይችልም፤ ነገር ግን ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መጥፎ አደጋ አግኝቶት መውደሙ ከተረጋገጠ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2003 በሩን ይከፍታል። ስለዚህ ክርክሩ ሁለት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ሰነዱ ነበር፣ ጠፍቷልም ማለት፣ ቀጥሎ በውስጡ ምን ተጽፎ እንደነበረ ማስረዳት። ብዙ ጠበቆች የመጀመሪያውን ደረጃ ዘለው በሁለተኛው ይጀምሩና ይሸነፋሉ። የጎረቤት ምስክሮችን ፈልጎ ማነጋገር፣ የባንክና የቀበሌ ቅጂዎችን ማሳደድ የረዳቱ ሥራ ነው፤ ከባድም ነው፤ ሰው የጠፋበትን ወረቀት ሊነግርሽ ጀምሮ የጠፋበትን ልጅ ይነግርሻልና። እንዲህ ሲሆን እስክሪብቶሽን አስቀምጪና አዳምጪ። ሰነዱን በቀጣዩ ቀጠሮ ትጠይቂያለሽ።

ከዚህ ሌላ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ የሚወስደው የሰበር ውሳኔ ፍለጋ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች ተሰይሞ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት፣ የክልሉንም ጭምር ያስገድዳል። ጠበቃው «በዚህ ነጥብ ሰበር ምን ብሏል?» ሲሉሽ ውሳኔዎቹ የታተሙባቸውን ቅጾች ማገላበጥ ያንቺ ድርሻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፤ የውሳኔውን ማጠቃለያ አንብበሽ አትጥቀሺ፤ የፍሬ ነገሩን ክፍል አንብቢ፤ የኛ ጉዳይ ከዚያ ጋር በፍሬ ነገር ካልተመሳሰለ ተቃራኒው ጠበቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርስብሻል።

በወሎ የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ፣ ትምህርት ቤት ብዙ ያልተነገረን ነገር ደግሞ ከፍርድ ቤት ውጭ የሚያልቀው ጉዳይ ብዛት ነው። የአገር ሽማግሌ፣ በአንዳንድ አካባቢ አበጋር የሚባለው አስታራቂ፣ ሼሁና ቄሱ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ደም የተቃባ ወገን ሲያስታርቁ ታያለሽ። ወጣት የሕግ ባለሙያ ይህን እንደ ኋላ ቀር ነገር ሊንቀው አይገባም፤ ባለጉዳዩ ከፍርዱ በኋላም የሚኖረው ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ነው። የረዳቱ ሥራ ሽማግሌዎቹ በቃል የጨረሱትን ስምምነት በትክክል ወደ ጽሑፍ ማምጣት ነው፤ ማን ምን ይከፍላል፣ መቼ፣ ወሰኑ ከየት እስከ የት ነው። በመዝገብ ላይ ያለ የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሆነ ስምምነቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 እስከ 277 ባለው መሠረት ለችሎቱ ይቀርባል። በቤተሰብና በውርስ ጉዳይ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፤ እዚያ ለመዳኘት የሁለቱም ወገን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ይደነግጋል። ፈቃዷን ያልሰጠች ሴት ዝም ስላለች ብቻ እንደፈቀደች ተቆጥሮባት እንዳይሆን ጠይቂ፣ መልሷንም ጻፊ፤ ሴት በመሆንሽ ምናልባት ከሌላው ሰው ይልቅ ላንቺ የሚነገርሽ ነገር ይኖራልና፣ በዚህ ቦታ ልዩ ጥቅም አለሽ ብዬ አምናለሁ።

ስለ ምስጢር አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ደሴ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው። የአንቺ ቢሮ ባለጉዳይ የአክስትሽ የእድር ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ቤትሽ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ሁሉ ይጠራል፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ደግሞ የማይነሣ ወሬ የለም፤ «እገሌ ሚስቱን ሊፈታ ነው አሉ፣ እናንተ ቢሮ ነው አይደል?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። «አላውቅም» ብለሽ አትዋሺ፤ «የቢሮ ነገር ቢሮ ነው የሚቀረው፣ ይቅርታ» በይና ስኒውን አቀብዪ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ካልሽ በሦስተኛው አይጠይቁሽም። የቢሮው ተከራካሪ ዘመድሽ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ፋይሉን ከመክፈትሽ በፊት ለጠበቃው ንገሪ።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ጥያቄ ልመለስ። በ1992 የወጣው የቀድሞው የፌዴራል ጠበቆች አዋጅ ቁጥር 199 በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ጠበቃ የሚሠራው በግሉ ነበር፤ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው አገልግሎት እንዲሰጡ በሕግ መንገድ የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ጓደኞችሽ የሚሄዱባቸው ድርጅቶች የዚህ ለውጥ ውጤት ናቸው፤ እዚያ ከባንክ፣ ከታክስ፣ ከውጭ ኢንቨስትመንትና ከኩባንያ ሽያጭ ጋር የተያያዘ ሥራ ይገኛል፤ በእንግሊዝኛ ውል ማርቀቅም ይለመዳል። ይህን አላቃልልም። ነገር ግን ብዙ ባለሙያ ባለበት ድርጅት አዲስ ምሩቅ የሚያየው ብዙውን ጊዜ የአንድን ጉዳይ ቁራጭ ነው፤ የአንድ ኩባንያ ሰነዶችን ለሳምንታት ይመረምራል፣ ሽያጩ ሲፈጸም ግን አጠገቡ አይኖርም። ደሴ ባለ አንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ባለጉዳዩ በሩን አንኳኩቶ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ አፈጻጸም መዝገቡ መዘጋት ድረስ ጉዳዩን ሙሉውን ታያለሽ። ቁራጭ ሥራን በኋላ መልመድ ይቻላል፤ የጉዳይን ሙሉ መልክ ሳያዩ ዐሥር ዓመት የሠሩ ግን አሉ። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ፋብሪካዎቹና የጭነት ንግዱ የሚያመጡት የውልና የሠራተኛ ክርክር አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ጭምር ስለሚሠራበት፣ የፌዴራል ጉዳይን ለመማር የግድ አዲስ አበባ መሄድ የለብሽም።

የሥራ ልምድ ይቆጠርልኛል ወይ ላልሽው፣ ይቆጠራል፤ ወረቀቱ ካለ። የጥብቅና ፈቃድ ለማግኘት በሕግ ሙያ የተሠራበት ጊዜና ፈተና ይጠየቃል፤ ሌላው ቀጣሪም ቢሆን ከግል ቢሮ የመጣን የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ያያል። ስለዚህ «እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነን» በሚል ለትራንስፖርት ብቻ እየተባለ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ተቀብለሽ ሁለት ዓመት ብትሠሪ፣ ሁለት ዓመትሽ በወረቀት ላይ ዜሮ ዓመት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህ የደረሰባቸውን አውቃለሁ፤ ቢሮዎቹም ክፉ ቢሮዎች አልነበሩም፤ ማንም ስላልጠየቀ ማንም አላሰበበትም። የሥራ ውል በቃል ቢደረግም ይጸናል፤ ነገር ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነጥቦች በጽሑፍ ፈርሞ እንዲሰጥሽ የአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 7 ያስገድደዋል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም። የሥራ ዓይነትሽን፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ ማስረጃ መስጠትም በአንቀጽ 12 ከአሠሪው ግዴታዎች አንዱ ነው። ይህን ለጠበቃው ስትናገሪ አትፈሪ፤ በትሕትና «ጋሼ፣ ውሉን እኔው ላርቅቀውና እርስዎ ይዩልኝ?» በያቸው። ውልሽን ራስሽ አርቅቀሽ እርሳቸው ሲያርሙት፣ ረቂቅ የሚያርሙ ሰው መሆን አለመሆናቸውንም በዚያው ታውቂያለሽ።

የክፍያውን መጠን በተመለከተ እኔ ቁጥር ልነግርሽ አልችልም፤ ቢሮው ይለያያል። ከቤተሰብሽ ጋር የምትኖሪ ከሆነ አንድ ዓመት በትንሽ ክፍያ መቆየት ይቻላል ብዬ አስባለሁ፤ ቤት ተከራይቶ የሚኖርን ሰው ግን እንዲህ ብዬ አልመክርም። ዓመቱ ሲሞላ ጭማሪ እንደሚኖር ከወዲሁ በውሉ ውስጥ አስገቢ።

አባትሽ የሚሉትም ከፍቅር ነው፤ ለልጃቸው የተረጋጋ ሥራና ጡረታ ይመኛሉ። ለእርሳቸው ልትነግሪያቸው የምትችዪው እውነት ይህ ነው፦ ጠበቃ ቢሮ መግባት የዳኝነትን ወይም የዐቃቤ ሕግን በር አይዘጋም። ማስታወቂያው ሲወጣ ትወዳደሪያለሽ፤ የዚያን ጊዜ ክስ የጻፈች፣ ብይንን ከፍርድ የምትለይ፣ ባለጉዳይ ከመስኮት ሲመለስ ፊቱን ያየች ሆነሽ ነው የምትገቢው። ችሎት ላይ ስትቀመጪ ወረቀቱ ያልተሟላለትን ገበሬ ከመመለስሽ በፊት ከየት ተነሥቶ እንደመጣ ታውቂያለሽ።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይዘሽ እንደምትሄጂ ለጠየቅሽው፦ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የአማርኛ ቅጂ ያዢ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው የቀጠሮ ማስታወሻም ግዢ። በእያንዳንዱ ገጽ አናት የኛንና የፈረንጆቹን ቀን አብረሽ ጻፊ፤ የዓመቱን መውሊድ፣ ረመዳንና ዐረፋም በየቦታቸው አስገቢ። የይርጋና የይግባኝ ቀኖችን በቀይ እስክሪብቶ፣ ከመድረሳቸው ዐሥር ቀን አስቀድመሽ በሌላ ገጽ ላይ ደግመሽ ጻፊያቸው። ምቹ ጫማም አድርጊ፤ ከፒያሳ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ቢሮ በቀን ሦስት ጊዜ ትመላለሻለሽ፤ የደሴ መንገድ ደግሞ ዳገት ነው።